በክሪክ የጠፋ 19 ሊትር ናፍጣ

ከባድ መኪና ላይ ጂፒኤስና የስምሪት ሶፍትዌር ለማስገጠም የምታስቡ ባለንብረቶች ካላችሁ ሳልጠየቅ ልናገር። እኔን ከሻጩ በቀር የመከረኝ ሰው አልነበረም፤ እሱ ደግሞ ሊሸጥ ነው የመጣው።

አባቴ እዚህ አዳማ ሰባት ባለተሳቢ ሲኖትራክ አለው። ሥራቸው ጅቡቲ ወርዶ ኮንቴይነር ወይ ማዳበሪያ ጭኖ መመለስ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይ አዲስ አበባ ማራገፍ ነው። እኔ አካውንቲንግ ጨርሼ ቢሮውን ከመያዜ በፊት ስምሪቱ የሚሠራው በአንድ ሰማያዊ ደብተርና በሁለት ስልክ ነበር። "የት ደረስክ?" "ሚሌን አልፌያለሁ።" ማለፉን የሚያውቁት ፈጣሪና ረዳቱ ብቻ ናቸው።

በ2016 ጥቅምት ላይ ጂፒኤሱንና ሶፍትዌሩን ገዛሁ። ንግድ ፈቃድና ቲን ይዤ ሰባት ሲም ካርድ አወጣሁ፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ ስለሱ አላወራም። ገጠማው በሁለት ቀን አለቀ። ከጋላፊ ድንበር ወዲያ፣ ጅቡቲ ውስጥ፣ ሮሚንግ (የውጭ አገር ኔትወርክ) ስላልገዛሁ መኪናው ካርታው ላይ ድርቅ ሲል መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ለካ ዕቃው ቦታውን ከሳተላይት እያነበበ በራሱ ሜሞሪ ይይዝና ኔትወርክ ሲያገኝ የሁለት ቀኑን በአንዴ ይዘረግፈዋል። ሰዓቱ ደግሞ በግሪንዊች ነበር የተሞላው። ሪፖርቱ 23:10 ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር የኛው ሌሊት 2:10 ነው፤ በኛ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10። ይህን እስክረዳ ድረስ ስንቱን ሹፌር "በምሽት ምን ትሠራ ነበር?" እያልኩ አሰልችቻለሁ።

ሻጩ ያማለለኝ በሌላ ነገር ነበር። ወደፊት ሶፍትዌሩ ራሱ ጭነት እየፈለገ ባዶ ጉዞን ያስቀራል አለኝ። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ነው የሚያልፈው፤ የሚገባው ደግሞ ከሚወጣው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አብዛኛው መኪና ባዶውን ወርዶ ጭኖ ነው የሚወጣው። የሌለ ጭነት በስልክ አፕሊኬሽን አይፈጠርም። የማዳበሪያ ወቅት ሲደርስ ደግሞ መኪና ወደዚያ ዙሩ ተብሎ ይታዘዛል፤ የሳምንቱ ፕላን ስክሪኑ ላይ እንዳማረበት ይቀራል። አንድ ጊዜ ለአንድ መሥሪያ ቤት መኪናው በሰዓቱ መድረሱን ለማሳየት የጉዞ ሪፖርት አትሜ ወስጄ ነበር። "ማህተም የለውም" አሉኝ። የራሴን ማህተም አድርጌበት ስመለስ ተቀበሉኝ፤ ያው ወረቀት ነው።

ይኼ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ያቃጠለኝ የናፍጣ ሴንሰሩ ነው።

ሴንሰሩ ረጅም ዘንግ ነው፤ ሰልባትዮው (የናፍጣ ታንኩ) ከላይ ይበሳና ቁልቁል ይገባል። የሚለካው የናፍጣውን ከፍታ እንጂ ሊትሩን አይደለም። ከፍታው ወደ ሊትር እንዲለወጥ ሰልባትዮው ባዶ ይደረግና 20 ሊትር በ20 ሊትር እየተጨመረ፣ በየጭማሪው ዘንጉ ያነበበው እየተመዘገበ ሰንጠረዥ ይሠራለታል። ካሊብሬሽን የሚሉት ይህን ነው። ለአንድ መኪና ግማሽ ቀን ይፈጃል። የእኛ ሰባቱ በሁለት ቀን ማለቃቸው ያን ጊዜ ቅልጥፍና መስሎኝ ቴክኒሻኑን ምሳ ጋብዤዋለሁ። "ካሊብሬሽን ተከናውኗል" የሚል ወረቀት ሰጠኝ፤ ክብ ማህተም አለው።

በሁለተኛው ወር የ4 ቁጥር መኪና ቀይ ማስጠንቀቂያ አመጣ። አፋር ውስጥ ገዋኔ ላይ፣ ሌሊት፣ ሞተር ጠፍቶ፣ 58 ሊትር ቀንሷል ይላል። በሚቀጥለው ጉዞ እዚያው ቦታ 52። በሦስተኛው 61። ሹፌሩ ከአባቴ ጋር አሥራ አንድ ዓመት የሠሩ፣ እኔን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሼ የሚያውቁኝ ሰው ናቸው። ናፍጣ መንገድ ላይ አይሸጥም አልልም፤ ይሸጣል፣ ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህም ነው ለማመን ያልቸገረኝ።

ቢሮ ጠርቼ ስክሪኑን አዞርኩላቸው።

"ጋሼ፣ ገዋኔ ላይ ይኼ ናፍጣ የት ሄደ?"

መነጽራቸውን አውጥተው ቁልቁል የወረደውን አረንጓዴ መስመር ቆይተው አዩት። "ልጄ፣ እኔ ይኼን ማንበብ አልችልም። ሰልባትዮውን ለክተሽዋል?"

"ማሽን አይዋሽም" አልኳቸው። በዚህ አፌ።

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሊብሬውን ከኪሳቸው አውጥተው ከጎኑ አደረጉ። "አባትሽን ሰላም በይልኝ" ብለው ወጡ። አባቴ ነገሩን ሲሰማ ሦስት ቀን አላናገረኝም፤ እኔ ደግሞ የድሮ ሰው ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት።

አዲስ ሹፌር ቀጠርኩ። በመጀመሪያ ጉዞው ገዋኔ ላይ 55 ሊትር ጠፋ።

ሰው ተቀይሮ ሌባው አልተቀየረም። ያን ቀን ነው ከማስጠንቀቂያው ወጥቼ ሙሉውን መዝገብ የከፈትኩት። ሌሊት በጠፋው ልክ ጠዋት መኪናው ሲነሳ 50 ምናምን ሊትር "ተሞልቷል" ይላል፤ ማደያ በሌለበት፣ ክፍያም ሳይኖር። በአራቱም ጉዞ እንዲሁ ነው። ማስጠንቀቂያውን የቀነሰውን ብቻ እንዲያሳየኝ አድርጌ ያስተካከልኩት እኔው ነኝ፣ የጨመረውን አይቼው አላውቅም።

እሁድ መካኒካችንን ለምኜ 4 ቁጥርን ጋራዥ አስገባናት። ናፍጣውን አወጣንና በጀሪካን መልሰን ጨመርን። አምስተኛው ጀሪካን ሲገባ፣ ማለትም በትክክል 100 ሊትር ሲሆን፣ ስልኬ 131 አለ። ቴክኒሻኑ የአንድ መኪና ሰንጠረዥ ለሰባቱም ገልብጦታል። ቀጥሎ መካኒኩ ከሥር ገብቶ ወጣና "ዘንጉኮ መሐል ላይ አይደለም" አለ። ቴክኒሻኑ መሐሉ ላይ የብረት ቀበቶው ስላስቸገረው ወደ ፊት ጠርዝ ወስዶ በስቶታል። ናፍጣው ገብቶ ሲያልቅ መካኒኩ የመኪናውን የፊት እግር በክሪክ (በመኪና ማንሻው) አንድ ስንዝር ያህል አነሳው። ጠብታ ሳይወጣ ስልኬ ላይ 19 ሊትር ጠፋ። ክሪኩን አወረደው፣ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። ገዋኔ ሹፌሮቹ ራት የሚበሉበት ግቢ ዳገት ነው፤ መኪናው አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ነው የሚያድረው፤ ናፍጣው ወደ ኋላ ሲሸሽ ዘንጉ ያለበት የፊት ጠርዝ ይጎድላል።

ሻጩ ድርጅት ጋ ስደውል "ሲስተሙ ችግር የለበትም፣ ሹፌሮችሽን ተቆጣጠሪ" አሉኝ። ወረቀቱንና ማህተሙን ጠቀስኩላቸው። "እሱ ፎርማሊቲ ነው" አለችኝ ልጅቱ።

ሻጭ ድርጅቶቹ ሴንሰሩን ለሹፌር አትንገሩ ይላሉ። እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው። ሰልባትዮው ሹፌሩ ፊት ባዶ ይደረግ፣ ጀሪካኑን እሱ ይቁጠር፣ ሰንጠረዡ ላይ እሱም ይፈርም፣ የራሱን መኪና ስልኩ ላይ ይይ። "ሁሉንም በአንዴ ግጠሚ፣ ቅናሽ አለው" ቢሏችሁም ሁለት መኪና ላይ ገጥማችሁ አንድ ክረምት አሳልፉ። ዘንጉን መሐል ላይ ሊበሳ እንቢ ያለውን ቴክኒሻን ከነመሰርሰሪያው አባሩት። መኪናው ያለበትን ቦታ ለሚያሳየውና ለጉዞ ሰነዱ ክፈሉ፣ እሱ ዋጋውን ያወጣል፤ አሁን ደንበኛ ሲደውል ኮንቴይነሩ የት እንዳለ ሳልዋሽ እናገራለሁ።

ሻጩ አሁን አዲሱን ስሪት ይዞ መጥቷል። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ስለሚሠራ ሹፌሩን ራሱ ነጥብ ይሰጠዋል፣ ነጥቡ የወረደውን ራሱ ከስምሪት ያወጣል ይላል። ይምጣ፣ መምጣቱ አይቀርም። እኔ ግን ያን ቀን ቢያንስ ጋሼን ፊት ለፊት አይቻቸዋለሁ፤ ሰልባትዮውን ለክተሽዋል ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ያ ማሽን ቢሆን ገዋኔ ሳሉ ነበር የሚያባርራቸው፤ የሚጠይቁትም ሰው አያገኙም።

ከአባቴና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ። ይቅርታዬን ተቀበሉ፣ መኪናውን ግን አልተቀበሉም፤ ሌላ ባለንብረት ጋ ገብተው ነበር። ልንወጣ ስንል በር ላይ አስቆሙኝ።

"እዚያኛውም መኪና ላይ ያ ዘንግ አለ" አሉኝ። "ባለቤቱ ወጣት ነው፣ እንዳንቺ ነው። ጀሪካኖችሽን ይዘሽ እሁድ ብትመጪ?"

አምስት ጀሪካን ይዤ ሄድኩ።