የልብ ስብራት አልበም የምትቀርጹ፣ ዲሞውን አትናቁት

ከፍቅር መለያየትና ከድባቴ የተወለዱ የኢንዲ ፖፕ (በአብዛኛው ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጪ የሚሠራ ፖፕ) ሥራዎች ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ችግር አለ። ዘፈኑ በተጻፈበት ሌሊት የተቀዳው ዲሞ (የሙከራ ቅጂ) ያስለቅሳል። ከወራት በኋላ በጥሩ ስቱዲዮ የተቀረጸው ግን ቃናውም ምቱም ትክክል ሆኖ ስሜቱ የለም። ዘፋኙ እስከዚያ አገግሟል፣ ዘፈኑን ደጋግሞ ዘፍኖታል፣ የት ላይ እንደሚተነፍስ ሳይቀር ለምዶታል። ሲቃን አስመስሎ መዝፈን ደግሞ ከባድ ነው፣ የሰው ጆሮ ቶሎ ይነቃበታል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ አልበም አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ዲሞውን እንደ መጨረሻው ቅጂ አድርጋችሁ ቅረጹት።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ዘፋኝ ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ኔብራስካ» ቤቱ ውስጥ በባለ አራት ትራክ (አራት ድምፅ ለየብቻ የሚይዝ) ካሴት መቅረጫ የቀዳው ለባንዱ ማሳያ እንዲሆን ብሎ ነበር። ከባንዱ ጋር ሲሞክሩት ያው ስሜት አልመጣ ስላለ ካሴቱ ራሱ አልበም ሆነ። በቦን ኢቨር ስም የሚታወቀው ጀስቲን ቨርነንም «ፎር ኤማ፣ ፎርኤቨር አጎ»ን የሠራው ከባንዱና ከፍቅረኛው ከተለያየ፣ ከታመመም በኋላ፣ ዊስኮንሲን ባለችው የአባቱ የአደን ጎጆ በረዷማውን ወራት ብቻውን ተቀምጦ ነው። እሱም ቅጂዎቹን መጀመሪያ እንደ ዲሞ ነበር የሚያያቸው። ሆኖም የስፕሪንግስቲን ካሴት ወደ ሸክላ ሲዛወር ባለሙያዎቹን ክፉኛ አስቸግሯል። ስሜቱ ያለበት ቅጂ በቴክኒክ ደካማ ከሆነ ዋጋው በኋላ ይከፈላል።

ከመጀመሪያው ጀምሮ የመቅረጫ ሶፍትዌሩን ፕሮጀክት በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ የድምፅ ጥራት ክፈቱት። ማይኩ ተሰክቶ፣ ትራኩ ተከፍቶ ይጠብቅ፤ ድባቴ ላይ ያለ ሰው ገመድ ፍለጋ ከተነሳ ተመልሶ ላይቀመጥ ይችላል። ጮክ ያለው ስንኝ ከዜሮ (መቅረጫው ከሚችለው ጣሪያ) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ አድርጉ። በ24 ቢት ዝቅ አድርጎ መቅዳት ብዙም አይጎዳም፤ ጫፉ የተቆረጠ ድምፅ ግን አይድንም፣ እንባ የተናነቀው ድምፅ ደግሞ ሳይታሰብ ይፈነዳል።

አፍን ለማይክ አስጠግቶ በለሆሳስ መዝፈን የዚህ ሙዚቃ መለያ ነው። ካርዲዮይድ ማይክ (ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ድምፅ በይበልጥ የሚይዝ) ሲቀርቡት ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ያወፍራል፣ «ጆሮዬ ሥር ነው የሚዘፍነው» የሚያሰኘውም ይኸው ነው። ችግሩ ዘፋኙ በአንዱ ስንኝ ቀርቦ በሚቀጥለው ሲርቅ ነው፤ ድምፁ እየወፈረና እየቀጠነ ይሄዳል፣ ያንን በኢኪው (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ) መከታተል አድካሚ ነው። መፍትሔው ፖፕ ፊልተሩን (የትንፋሽ መከላከያ ወንፊቱን) ከማይኩ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ እንደ አጥር ማቆም ነው። ማይኩን ከአፍ አቅጣጫ ትንሽ ወደ ጎን አዙሩት፣ የ«ፐ» እና የ«በ» ትንፋሽ በቀጥታ አይመታውም።

ኮምፕረሰሩ (የጮኸውንና የለሰለሰውን ድምፅ የሚያቀራርበው መሣሪያ) ለስላሳውን ድምፅ 10 ዴሲቤል ሲያነሳው የማቀዝቀዣውን ጉምጉምታና የኮምፒውተሩን ነፋስ ማራገቢያም አብሮ ያነሳል። ከሁሉ የከፋው ከሄድፎን የሚያመልጠው ክሊክ (የምት መጠበቂያ ድምፅ) ነው። የመጨረሻው ቃል ተዘፍኖ ጊታሩ እየሞተ ሳለ ከሥሩ «ቲክ፣ ቲክ» ይሰማል፤ ያን ጊዜ ያለቀለት ቅጂ ይበላሻል። ጆሮ የሚሸፍን ዝግ ሄድፎን ተጠቀሙ፣ ስለታሙን ቢፕ በለስላሳ የሻከር (የሚንሿሿ መሣሪያ) ድምፅ ቀይሩት፣ ከመጨረሻው ስንኝ በኋላ ክሊኩ እንዲጠፋ አድርጉ። ትንፋሽን ደግሞ ቆርጣችሁ አትጣሉ፤ 4 ወይም 5 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ድምፅ መደረብ ሲባል ያንኑ ፋይል ኮፒ ማድረግ አይደለም፤ ያ የሚያመጣው የድምፅ መጨመር ብቻ ነው። እንደገና ይዘፈን፣ ከዋናው 8 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ይበል፣ በድርቡ ላይ ያሉ የመጨረሻ «ስ» እና «ት» ድምፆች ይቆረጡ፤ አለበለዚያ እያንዳንዱ ቃል ሁለቴ ያፏጫል። በጣም የሚያመውን ስንኝ ግን ያለ ድርብ ተዉት። ብቻውን ይቁም።

ቅንብር ላይ የብዙዎች ስህተት ሐዘኑን በሐዘን መደረብ ነው፦ ዘገምተኛ ምት፣ ረጅም ሪቨርብ (የማስተጋቢያ ድምፅ)፣ የሚያለቅስ ሲንተሳይዘር። አሥር ዘፈን እንዲህ ከቀጠለ አድማጩ አራተኛው ላይ ይደነዝዛል። ግጥሙ ሲከብድ ድራሙና ቤዙ በደቂቃ 115 ምት ቀለል ብለው ይሂዱ፤ ኢንዲ ፖፕን ኢንዲ ፖፕ ያደረገውም ይህ ተቃርኖ ነው። ሪቨርቡ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይጀምር፣ ከ300 ኸርዝ በታች ያለው ይቆረጥለት፣ ቃላቱም ጥርት ብለው ይሰማሉ።

ድባቴ የዜማ ምንጭ ነውና ሳይታከም ይቆይ የሚለውን ምክር አልቀበልም። ድባቴው ሲጠና ሰው ከአልጋው መነሳት ያቅተዋል እንጂ አልበም አይጨርስም። እንቅልፍ ያጣ፣ ሞትን የሚያስብ ዘፋኝ ካለ ቀረጻው ቆሞ ወደ ሐኪም ይኬድ። ከዚያ በመለስም ያንኑ ቁስል በአንድ ቀን ሠላሳ ጊዜ ማዘፈን ጥሩ አይደለም፤ ሦስት አራት ቅጂ ወስዳችሁ ከእነሱ ምረጡ። አቅም ባነሰበት ቀን ፋይል መሰየም፣ መጠባበቂያ ቅጂ ማስቀመጥ ይቻላል። ሚክሱ (የተቀረጹትን ድምፆች ማዋሐዱ) ግን ጤና ለተመለሰበት ጊዜ ይቆይ።

የተለያችሁት ሰው ዜማ ወይም ግጥም አብሮ ከሠራ ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት ድርሻው በጽሑፍ ይወሰን። የላከላችሁን የድምፅ መልእክት ዘፈን ውስጥ ማስገባት ከፈለጋችሁም መጀመሪያ አስፈቅዱት። እምቢ ካለ መልእክቱ ይውጣ።

ሸክላ የምታሳትሙ ከሆነ በ33⅓ ዙር ለሚሽከረከር ባለ 12 ኢንች አንድ ገጽ 20 ደቂቃ አካባቢ ጥሩ ልክ ነው። ከዚያ ሲረዝም ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ለስላሳ ዘፈንም በሸክላው ጩኸት ይዋጣል። ወደ መሃል ሲጠጋ «ስ» የበዛበት ድምፅ ይሻክራል፣ ስለዚህ በትንፋሽ የተዘፈነውን የገጹ መጀመሪያ ላይ አድርጉት።