ኒው ሄቨን፦ ከዬል «ዓሣ ነባሪ» ሆድ ውስጥ

ከኒውዮርክ ግራንድ ሴንትራል የሚነሳው የሜትሮ ኖርዝ ባቡር ኒው ሄቨን ለመድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ስቴት ስትሪት ጣቢያ የሚቆም ባቡር ከተገኘ እዚያ መውረድ ይሻላል፤ ከዋናው ጣቢያ ይልቅ ለዬል ዩኒቨርሲቲ ይቀርባል። ፕሮስፔክት መንገድን ይዤ ወደ ሰሜን ስወጣ የዩኒቨርሲቲው የበረዶ ሆኪ መጫወቻ አዳራሽ ኢንጋልስ ሪንክ ጀርባውን አጉብጦ ታየኝ። ተማሪው «ዓሣ ነባሪው» ነው የሚለው።

ንድፉ የትውልደ ፊንላንዳዊው አርክቴክት የኤሮ ሳሪነን ነው፤ እሱም የዬል ተማሪ ነበር። በ1958 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲጠናቀቅ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ማለትም የታሰበለትን በጀት እጥፍ በልቷል። የአዳራሹ ስም የዬል ሆኪ ቡድን አምበል የነበሩት የአባትና የልጅ ዴቪድ ኢንጋልስ መታሰቢያ ነው።

ስገባ መጀመሪያ የፈለግሁት ምሰሶ ነበር፤ አንድም የለም። 90 ሜትር ገደማ የሚረዝም የኮንክሪት ቅስት ከበረዶው በላይ በርዝመቱ መሐል ለመሐል ያልፋል፤ ጣሪያው እጅግ ከፍ በሚልበት ቦታ 23 ሜትር ይደርሳል። ከዚህ አከርካሪ ግራና ቀኝ የወረዱት የብረት ገመዶች ከዳር ግድግዳዎቹ ጋር ታስረዋል፤ የጣውላው ጣሪያም በእነሱ ላይ ተነጥፏል። ጣጣው ይህ ነው፦ ነፋስ ወይም የተከመረ በረዶ በአንድ ወገን ሲጫን ቅስቱ ወደ ጎን ሊያጋድል ይችላል። ከውጭ በኩል የተወጠሩት ገመዶች የሚይዙት ከዚህ ነው። አላፊ አግዳሚው ጌጥ ይመስሉታል። የምህንድስናው ስሌት የፍሬድ ሰቨሩድ ነው።

መቀመጫው 3,500 ያህል ሰው ይይዛል። ከጎን በኩል ላይኛውን ረድፍ እመርጣለሁ፤ ጣሪያው እዚያ ዝቅ ስለሚል ጣውላዎቹን አንድ በአንድ መከተል ይቻላል። ካፖርትና ወፍራም ካልሲ ግን ግድ ነው።

ጨዋታው በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ገና ነው ቢባል ብዙ አይርቅም። በየእረፍቱ የሚወጣው መኪና የተሰነጣጠቀውን ገጽ ይልጥና ሙቅ ውሃ ያፈስበታል። ሙቅ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፦ የላይኛውን ገጽ ትንሽ አቅልጦ ከሥሩ ጋር ይዋሐዳል፤ በውስጡ ያለው አየርም አነስተኛ ነው። በረዶው በጣም ከወፈረ ከሥር ያሉት የማቀዝቀዣ ቱቦዎች ላዩን አቀዝቅዘው ለማጠንከር ይቸገራሉ፤ ከሳሳ ደግሞ የተጫዋቾቹ መንሸራተቻ ጫማ ስለት ከበረዶው ሥር እስከተቀባው ቀለም ድረስ ይቆርጠዋል።

በ1970 ሜይ 1 ምሽት፣ ብላክ ፓንተር በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን የትግል ድርጅት አባላት የፍርድ ሂደት ምክንያት ከተማዋ በተቃዋሚ ስትጥለቀለቅ፣ እዚህ ቦምብ ፈንድቷል፤ የሞተ ሰው ግን የለም። በ2010 የተጠናቀቀውን እድሳት የሳሪነን ቢሮ ወራሽ ኬቨን ሮሽ መራው፤ አዲሶቹ የመልበሻ ክፍሎች ከመሬት በታች የተቆፈሩት የሕንፃው መልክ እንዳይነካ ነው። ደግ አደረገ።

ትኬት ሲፈለግ ዬል ከኩዊኒፒያክ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚያደርገው ጨዋታ ቀድሞ ይያዝ። ጎረቤታሞች ናቸው፤ ዬል በ2013 የአገሪቱን የዩኒቨርሲቲዎች ሆኪ ሻምፒዮና የወሰደው ፒትስበርግ ላይ ኩዊኒፒያክን 4 ለ 0 ረትቶ ነው።