«መብራት የለም» ብቻ አይበቃም

በአንድ ክሊኒክ ውስጥ የአስተዳደር ሥራ እሠራለሁ። ግዢው፣ ጥገናው፣ የውሃና የመብራቱ ጉዳይ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጣል። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን የመጣው ጉዳይ ትንሽ ግራ የሚያጋባ ነበር። መብራት ጠፍቷል፤ አልጠፋምም። ካርድ ክፍሉ፣ ላቦራቶሪውና ኮሪደሩ በርተዋል። ፋርማሲውና ክትባት ክፍሉ ጨልመዋል።

ያስጨነቀን ክትባት ክፍሉ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ሙቀት ሲያገኘው አቅሙን ያጣል፤ ፈሳሹን በዓይን በማየት ብቻ ግን ጥሩውን ከተበላሸው መለየት አይቻልም። ልጇን አዝላ የምትመጣ እናት ደግሞ የምታምነው እኛን ነው።

የክትባት ነርሷ ወዲያው ወደ እኔ መጣች። «ኤክስቴንሽን ስጪኝ፣ ከኮሪደሩ እንሳብ» አለችኝ። ኤክስቴንሽኑን ይዤ ስወጣ ጋሼ ኮሪደሩ ላይ አገኙኝ። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው የጥገና ባለሙያችን ናቸው።

«ቆዪ ልጄ። መጀመሪያ እንለካ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ኮሪደሩ እኮ በርቷል።»

«መብራቱማ አለ። ምን ያህል ቮልት እንደሆነ ግን አላወቅንም።»

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ዛሬም ለሰው ሁሉ እናገራለሁ። ወደ እኛ ሕንፃ የሚገባው መስመር ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች፣ እና አንድ ኒውትራል፣ ማለትም የጋራ የመመለሻ ሽቦ፣ አለው። አንድ ፌዝ ብቻ ሲቋረጥ በእሱ ላይ ያሉት ክፍሎች ይጨልማሉ፤ ሌሎቹ በደህና ይሠራሉ። ኒውትራሉ ሲላላ ወይም ሲቆረጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ሌላው ክፍል ውስጥ ከመጠን በላይ ይደምቃል። 220 ቮልት መሆን ያለበት ሶኬት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ፍሪጁን እዚያ ላይ ብንሰካው በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። እንዲህ ዓይነት ምልክት ሲታይ ዋናውን ማጥፊያ ወዲያው ማውረድ ነው፤ የሚጠበቅ ነገር የለም።

ጋሼ ወደ ማከፋፈያ ሰሌዳው ሄዱ። ዋናው ማጥፊያ፣ ብሬከሩ፣ አልወረደም። የተቃጠለ ሽታ የለም። ጓንታቸውን አድርገው ከውጭ የሚገባውን መስመር ለኩ። ሁለቱ ፌዞች ደህና ናቸው፤ ሦስተኛው ላይ ምንም የለም። ይሄ መለኪያ ይዞ ሰሌዳ መክፈት የባለሙያ ሥራ ነው። ብሬከሩ መውረድ አለመውረዱን ማየት ግን ማንም ይችላል። ወርዶ ከሆነ አንዴ መልሶ መሞከር ነው። ደግሞ ከወረደ ችግሩ እቤት ውስጥ ስላለ በግድ አይያዝም።

«የኛ አይደለም፤ ከውጭ ነው» አሉ ጋሼ። «አሁን ውጪና ጎረቤት እይ።»

ወጣሁ። ከጎናችን ያለው ቤት መብራት አለው። ፊት ለፊት ያለው የለውም። ከእሱ አለፍ ብሎ ያለውም የለውም፤ ቀጥሎ ያለው ደግሞ አለው። አንድ ፌዝ ሲጠፋ መንደሩ እንዲህ ዝንጉርጉር ይሆናል። ቤቶቹ ለሦስቱ ፌዞች ተከፋፍለው ስለሚገናኙ የአንዱ ብቻ ይጨልማል።

ፊት ለፊት ያሉትን ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ኧረ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ የለም።»

«ደውላችኋል?»

«ሰው ደውሎ ይሆናል ብለን ነው።»

ቀጥሎ ያሉትም እንደዚያው አሉኝ። ከእነሱ ወዲያ ያሉትም። ሁሉም ጎረቤቱ ደውሏል ብሎ ተቀምጧል፤ የደወለ አንድም ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር ልቤ አዘነ። ክፋት ኖሮባቸው አይደለም። ግን አንድ ሰው ያኔውኑ ደውሎ ቢሆን ኖሮ ጥገናው ቶሎ ሊያልቅ ይችል ነበር። የመብራት ኃይል የጥሪ ማዕከሉ የየመንደሩን ጨለማ ከቢሮው ሆኖ ያያል ብለን የምናስብ ብዙዎች ነን። ትልልቆቹ መስመሮች ሲቋረጡ ያያል። ከአንድ ትራንስፎርመር አንድ ፊውዝ ሲቃጠል ግን በብዙ ቦታ ካልተነገረው አያውቅም።

ደወልኩ። «መብራት የለም» ብቻ ብዬ ቢሆን ኖሮ «ቆጣሪዎንና ብሬከርዎን አይተው ይደውሉ» እባል ነበር፤ ልክም ናቸው። እኔ ግን የቆጣሪ ቁጥራችንን ሰጠሁ። ሦስት ፌዝ እንደሆንን፣ አንዱ ብቻ እንደጠፋ፣ ከውጭ የሚገባውን መስመር ባለሙያ ለክቶ እንዳረጋገጠ ለስልክ ተቀባይዋ ነገርኳት። ጎረቤቶቻችንም ከምሳ ሰዓት ጀምሮ እንደሌላቸው ጨመርኩ። ትራንስፎርመሩ ያለበት ምሰሶ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነበብኩላት። የወደቀ ሽቦ፣ ጭስ ወይም ፍንዳታ እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ሽቦ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በፊት የሚነገረው እሱ ነው። ዝም ብሎ ቢተኛም እንደሞተ አይቆጠርም። ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ ሌላውንም ሰው ማራቅ ያስፈልጋል።

«ይሄ የአንድ ቤት ብልሽት አይደለም» አለችኝና የሪፖርት ቁጥር ሰጠችኝ። ቁጥሩን ለጎረቤቶቹ አከፋፈልኩ። እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቆጣሪ ቁጥር እንዲያስመዘግቡ ለመንኳቸው። ከአንድ አካባቢ ብዙ ቤት ሲያመለክት ሠራተኞቹ ወደ አንድ ቤት ሳይሆን በቀጥታ ወደ ትራንስፎርመሩ ይሄዳሉ።

እስከዚያው ጋሼ ሥራ ላይ ናቸው። የውሃ ፓምፑን አጥፍተውታል። በሦስት ፌዝ የሚሠራ ሞተር በሁለት ፌዝ እንዲዞር ከተተወ ይግላል፣ ይቃጠላል። የኮሪደሩን ሶኬት ለክተው ደህና መሆኑን ካዩ በኋላ ፍሪጁን ብቻ በወፍራም ገመድ ሰኩት። ሌላ ነገር እንዳይጨመርበት ከለከሉ።

አንዱ ባልደረባችን ትንሿን ጄኔሬተር አውጥቶ የጨለመው ክፍል ሶኬት ላይ እንሰካት አለ። ጋሼን እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ጄኔሬተር ሶኬት ላይ ሲሰካ ኃይሉ በመስመሩ ወደ ኋላ ይወጣል። ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደርስ 220ው ተገልብጦ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይሆናል። ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ መስመሩ ሞቷል ብሎ ይነካዋል። «የሰው ልጅ ነው እዚያ ላይ ያለው!» አሉ። ጄኔሬተር ወደ ሕንፃ የሚገናኘው ከውጭ መስመር በሚለይ መቀያየሪያ ብቻ ነው። ማስነሻ ቦታውም ደጅ ነው፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት።

ሠራተኞቹ ሲመጡ ለጥገናው ትራንስፎርመሩን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ነበረባቸው። ያኔ ኮሪደሩም ጨለመ። ነርሷ የፍሪጁ በር ላይ «እንዳይከፈት» ብላ ለጥፋ ከውጭ የሚነበበውን ቴርሞሜትር በየግማሽ ሰዓቱ መዘገበች። ቅዝቃዜን የሚያወጣው በር መክፈት ነው። ወደ 8 መጠጋት ሲጀምር ክትባቱን ወደ ቀዝቃዛ ሳጥን አዛወረችው። የበረዶ ጥቅሎቹን ግን ከፍሪዘር አውጥታ እንዳሉ አልከተተችም። ሲነቀነቁ ውስጣቸው የውሃ ድምፅ እስኪሰማ ጠበቀች። ጥሬ በረዶ አንዳንዱን ክትባት፣ ለምሳሌ የመንጋጋ ቆልፍን፣ በረዶ አድርጎ ያበላሸዋል። ሙቀት ብቻ ይመስለኝ ነበር ጠላቱ።

ሲመሽ መብራቱ መጣ። ችግሩ የተቃጠለ ፊውዝ ነበር። ጋሼ ዕቃው ሁሉ ከሶኬት እንዲነቀል አስቀድመው አዘው ስለነበር መጀመሪያ የበራው አንድ አምፖል ነው። ቮልቱን ለኩ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠበቁ፣ ከዚያ ፍሪጁን፣ ቀጥሎ ሌላውን አንድ በአንድ አስነሱ። ፓምፑ መጨረሻ ላይ ተነሳ።

ትንሽ ቆይቶ ከጥሪ ማዕከሉ ተደወለልኝ። «መብራት ስለመጣ ሪፖርቱን እንዝጋው?» አሉኝ። እንዲታገሱኝ ለምኜ ወደ ውጭ ወጣሁ። አንዱ ቤት ብቻ አሁንም ጨለማ ነው። ያ ቤት ከምሰሶው ወደ ቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ ሌላ ችግር ነበረበት። ሠራተኞቹ ገና ከሰፈሩ አልወጡም ነበር፤ ተመለሱና እሱንም ሠሩት። ሪፖርቱ የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው።