የቁስቋሙ ዘውድ በአማርኛ ይጻፍልን

ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ድረ ገጽ ላይ ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድ ምስል አለ። ዘውዱን እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ አሠርተው ለጎንደር ቁስቋም እንደሰጡት ይታመናል። ምስሉን አቅርበው ሲያዩት የሐዋርያትና የወንጌላውያኑ ቅርጽ፣ የብርጭቆ ፈርጦቹም ጥርት ብለው ይታያሉ። ማብራሪያው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቁስቋም ደጅ ያደጉት አክስቴ ምስሉን በስልካቸው እያዩ «ምን ይላል ልጄ? እስቲ አንብብልኝ» ይሉኛል። ዳዊት በየዕለቱ የሚደግሙ፣ ከእኔ የተሻሉ አንባቢ ናቸው።

«ኮምፒውተሩ ይተርጉመው» የሚሉ አሉ። አልስማማም፤ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ እንይ። መቅደላ የወደቀችው በፈረንጆቹ 1868 ነው፤ በእኛ 1860። ማሽኑ ቁጥሩን እንዳለ ከተወው የአማርኛ አንባቢ ዐፄ ቴዎድሮስን ከጉንደትና ከጉራዕ ጦርነቶች ዘመን፣ ከዐፄ ዮሐንስ ዙፋን ላይ ያስቀምጣቸዋል። ይህን የሚያርመው ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ነው።

ሙዚየሙ ያለውን ሁሉ ይተርጉም አልልም። ከመቅደላ በመጡት ቅርሶች ይጀምር፤ ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠር ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችሉትም በድምፅ ይቅረጽ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት ይዩት፤ ለድካማቸውም ይከፈላቸው። ዘውዱ ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ ቢያንስ ታሪኩ ለባለቤቶቹ በቋንቋቸው ሊነገር ይገባል፤ ይህንኑ ለሙዚየሙ ጽፌ እጠይቃለሁ።