በሌላ መንገድ ወደ አገር፦ የገና መልእክት ለወዳጆቼ

ውድ ወዳጆቼ፣ በመንገድ ላይም በቤታችሁም ያላችሁ ሁሉ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ከኅዳር 15 ጀምሮ በየትራክ ስቶፑ ምስርና ሽሮ እያሞቃችሁ ጾመ ነቢያትን የጾማችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እግዚአብሔር ጾማችሁን ይቀበልላችሁ።

ከልደት ታሪክ ልቤን የሚይዙት ሁለት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው፣ የምሥራቹ አስቀድሞ የተነገረው ሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ ለነበሩ እረኞች መሆኑ ነው፤ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ መሪ ይዞ ለሚያነጋ ሹፌር ይህ ትልቅ መጽናኛ ነው። ሁለተኛው የሰብአ ሰገል ነገር ነው። ሕፃኑን ሰግደውለት እጅ መንሻቸውን ካቀረቡ በኋላ፣ ወደ ሄሮድስ እንዳይመለሱ በሕልም ስለተነገራቸው በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ሄዱ። የሚሄዱበት አገር ያው ሲሆን የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው። ዘንድሮ ይህን ክፍል በተለየ ልብ ሰምቼዋለሁ፤ ብዙዎቻችሁ እንደሰማችሁት፣ ለዓመታት ትራኬን ይዤ የሠራሁበትን ካምፓኒ ለቅቄ ከሌላ ካምፓኒ ጋር ውል ፈርሜአለሁና።

ከሙያው ውጭ ያላችሁ ወዳጆቼ ነገሩን በቀላሉ እንድትረዱት ጥቂት ላብራራ። በአሜሪካ የራሱ ትራክ ያለው ሹፌር ሁሉ በራሱ ፈቃድ ጭነት ያጓጉዛል ማለት አይደለም። እንደ እኔ ያለው ኦነር ኦፕሬተር ትራኩን በሊዝ ውል ለአንድ ካምፓኒ ያስገባል፤ መኪናው፣ ናፍጣው፣ ጎማውና ጥገናው የሹፌሩ ናቸው፤ በሩ ላይ የሚለጠፈው ስምና የዲ ኦ ቲ ቁጥር (የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው መለያ) ግን የካምፓኒው ነው። ካምፓኒው ጭነት ያገኛል፣ ዋናውን ኢንሹራንስ ይይዛል፣ ከጭነቱ ዋጋ ድርሻውን ይወስዳል። ስለዚህ ካምፓኒ መቀየር ማለት ሥራን ብቻ መቀየር ሳይሆን፣ የራስህ ንብረት ላይ የተጻፈውን ስም ጭምር መቀየር ማለት ነው።

ያለፉት ዓመታት ለሁላችንም ከባድ ነበሩ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2021 ጭነት እንደ ልብ ይገኝ ነበር፤ በ2022 ሰኔ ወር የናፍጣ አማካይ ዋጋ በጋሎን ከ5 ዶላር ከ80 ሳንቲም በላይ ደረሰ፤ ከዚያም የጭነት ዋጋ ወርዶ ለረጅም ጊዜ ሳያንሰራራ ቆየ። በ2023 ክረምት ወደ መቶ ዓመት የተጠጋው የሎው የተባለው ትልቅ የጭነት ድርጅት ሥራ አቁሞ ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞቹ ተበተኑ። እዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ፣ አንድ ቀን እንኳ ለመልቀቅ ያላሰቡ ሰዎች ነበሩ። ባለህበት መቆየትም ከለውጥ እንደማያድን ያን ጊዜ በግልጽ አየሁ።

ቢሆንም ለመልቀቅ ስነሣ የከበደኝ ገበያው ሳይሆን ይሉኝታው ነበር። የቀድሞው ካምፓኒ ባለቤት የአገሬ ሰው ናቸው። ብዙ ኢንሹራንሶች ቢያንስ የሁለት ዓመት ልምድ በሚጠይቁበት ጊዜ፣ ሲዲኤሌ፣ ማለት የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዴ፣ ገና ሳይደርቅ አምነው ያስገቡኝ እርሳቸው ናቸው። በመካከላችን ቅሬታ አልነበረም። ካምፓኒው ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ የረጅም መስመር ሥራ ነው ያለው፤ ልጆቼ ደግሞ አድገው አባታቸውን በስልክ ብቻ የሚያውቁበት ዕድሜ ላይ ደርሰው ነበር። ለእርሳቸው ያለኝን ምክንያት በስልክ ልናገር አልፈለግሁም፤ ቢሮአቸው ሄጄ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጅ ከሁሉ ይበልጣል፤ እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ» ብለው መረቁኝ። ውለታ የሚከበረው በመቅረት ብቻ እንዳልሆነ አምናለሁ፤ በወጉ ተሰናብቶ መሄድም ውለታን ማክበር ነው።

በዚህ ነገር ላይ ለወጣቶቹ የሙያ ጓደኞቼ አንድ ቃል አለኝ፤ በበዓል ቀን ስለ ውል ማውራቴን አትቀየሙብኝ። እኛ ሐበሾች የአገራችን ሰው ሲያስፈርመን ውሉን ማንበብ ነውር ይመስለናል፤ ወረቀት አለማንበብ ግን መተማመን አይደለም። የፌዴራሉ ሕግ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከክፍያህ የሚቆረጠው ሁሉ ተዘርዝሮ እንዲቀመጥ ያዝዛል። በፐርሰንት የምትሠራ ከሆነ የጭነቱን ዋጋ የሚያሳየውን ሰነድ ቅጂ የማየት መብት አለህ። ስትለቅ ደግሞ በኢስክሮ፣ ማለት በመያዣነት፣ ካምፓኒው ዘንድ የተያዘው ገንዘብህ፣ የሚቀነሰው ተቀንሶና ተሰልቶ፣ በ45 ቀን ውስጥ ሊመለስልህ ይገባል። ይህን አውቆ መጠየቅ ከጨዋ አሠሪ ጋር አያጣላም። እንዲያውም የእኔ የቀድሞ አለቃ ሒሳቡን ከቀኑ ቀድመው ዘግተውልኛል።

ከሁሉ የማልረሳው የበሩን ጽሑፍ የላጥኩበትን ጠዋት ነው። በኮሎራዶዋ ከተማ በኦሮራ ብርዱ ስለጠነከረ ፕላስቲኩ እንደ መስተዋት ይሰባበር ነበር፤ ባለቤቴ የፀጉር ማድረቂያዋን በረጅም ገመድ አውጥታ እያሞቀችልኝ፣ እኔ ከጫፉ ይዤ ቀስ እያልኩ ሳብኩት። ፊደሎቹ ሲነሡ ከሥራቸው ያለው ቀለም ትራኩን ስገዛው እንደነበረው ደማቅ ሆኖ ወጣ፤ በዙሪያው ያለው ግን በፀሐይና በጨው ደብዝዟል። ታርጋውንና የናፍጣ ካርዱን መልሼ፣ ስንት ዓመት እንዳልነዳሁ ሁሉ እንደ አዲስ ሹፌር የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ሰጠሁ። ሕጉ ለሁሉም እኩል ነውና ይህ ቅር አላሰኘኝም።

አዲሱ ሥራ ፍላትቤድ፣ ማለት ግድግዳና ጣሪያ የሌለው ጠፍጣፋ ተጎታች ነው። በድራይ ቫን፣ ማለት በዝግ ተጎታች፣ የለመደ ሰው በሩን ዘግቶ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ብረቱና እንጨቱ ሜዳ ላይ ተቀምጦ የሚያጠብቀው የአንተ እጅ ነው። የሰንሰለቱና የማሰሪያው የመያዝ አቅም ቢያንስ የጭነቱን ክብደት ግማሽ መሸከም አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ 50 ማይል ውስጥ ቆመህ ትፈትሻለህ፣ ከዚያም በየ150 ማይሉ ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ የቀደመው ሲደርስ፣ እንደገና ትፈትሻለህ። በዋዮሚንግ ነፋስ ላይ ሸራ ማልበስ ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ ቋጠሮውን ሲያሳየኝ በደስታ ተምሬአለሁ። መስመሬ ኮሎራዶ፣ ዩታ፣ ዋዮሚንግና ነብራስካ ስለሆነ፣ ከሳምንቱ ብዙውን ሌሊት ቤቴ አድራለሁ፤ ትንሿ ልጄ አሁን ጫማዬን በር ላይ ስታይ «መጣ» ማለት ትታ «አልሄደም» ትላለች።

ጃንዋሪ ጭነት የሚቀዘቅዝበት ወር መሆኑን፣ በዚህ ሰዓት መቀየር አያዋጣም ያላችሁኝም እንዳላችሁ አልዘነጋሁም። የወሩ ገቢ ማነሱ እውነት ነው፤ ቤተሰቤ ተመካክሮ ተቀብሎታል።

ጃንዋሪ 7 ለዚህ አገር ተራ የሥራ ቀን ስለሆነ፣ ላሊበላ ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል ብዙዎቻችሁ መሪ ላይ እንደምትሆኑ አውቃለሁ። ኤልክ ማውንቴን አካባቢ 80 ቁጥሩ መንገድ ከተዘጋ አትጣደፉ፣ በ70 ቁጥሩ ተራራ ለምትወጡም ሰንሰለታችሁ ከእጃችሁ አይራቅ። በዕለቱ በዴንቨር በኩል የምታልፉ ካላችሁ፣ ትራካችሁን አስተማማኝ ቦታ አቁማችሁ ደውሉልኝ፤ መጥቼ እወስዳችኋለሁ፣ ከቤተሰቤ ጋር ትፈስካላችሁ፣ ለመንዳት የተፈቀደላችሁ ሰዓት ሳያልቅ እመልሳችኋለሁ። ዶሮው ለእንግዳ ታስቦ ነው የተሠራው።

መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ።