የነርቭ ሴሎችን በክራር ድምፅ ማሰማት፦ እንዴት ሠራሁት፣ ምን ተማርኩበት

ላብራቶሪ ውስጥ ያደጉ የሰው ነርቭ ሴሎች የሚያወጡትን የኤሌክትሪክ ምት ወደ ክራር ድምፅ ቀይሬ ለሰው አሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ "እንዴት አድርገህ ነው?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አካሄዴን ልጽፈው ወሰንኩ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ክራር የምመታው ለራሴ ደስታ ነው። ባዮሎጂውን የሚያውቀው ጓደኛዬ ነው። እሱ ያለበት የምርምር ቡድን ስዊዘርላንድ፣ ቬቬ ከተማ ያለውን ፋይናልስፓርክ የተባለ ኩባንያ ላብራቶሪ በኢንተርኔት የመጠቀም ፈቃድ ነበረው። በዚያ በኩል ነው የገባሁት።

ሴሎቹ ተሰባስበው የሚሠሩት ትንሽ ቲሹ (የሴሎች ስብስብ) ኦርጋኖይድ ይባላል። መነሻው ከሰው የተወሰደ የቆዳ ወይም የደም ሴል ነው። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 በአይጥ ሴል፣ በ2007 ደግሞ በሰው ሴል እንዳሳየው፣ የበሰለ ሴል ወደ ኋላ ተመልሶ ምን እንደሚሆን ገና ያልለየለት ሴል ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደ ነርቭ ሴልነት ይመሩታል። በ2013 ማድሊን ላንካስተርና ዩርገን ክኖብሊክ ቪየና ላይ በዚህ መንገድ የአንጎልን አፈጣጠር በከፊል የሚከተል ቲሹ አሳደጉ። በ2022 ደግሞ ሜልቦርን ያለው ኮርቲካል ላብስ የተባለ ኩባንያ ሰዎች 800,000 ገደማ ሴሎች ፖንግ የተባለውን የድሮ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲጫወቱ አሳዩ። ወሬው የደራው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ የሠራሁበት ኦርጋኖይድ ስፋቱ ግማሽ ሚሊሜትር ነው፤ ከጤፍ ቅንጣት ያንሳል። በውስጡ 10,000 ያህል የነርቭ ሴሎች አሉ። በሰው ገላ ሙቀት ይቀመጣል፣ ምግቡን በፓምፕ ያገኛል፣ ኤሌክትሪክ ከሚልኩና ከሚለኩ 8 ኤሌክትሮዶች ጋር ተገናኝቷል። እያንዳንዱ ኤሌክትሮድ በሴኮንድ 30,000 ጊዜ ይለካል። እኔ ከቤቴ ሆኜ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ እጽፋለሁ፤ ትእዛዙ ሄዶ ቲሹውን በትንሽ የኤሌክትሪክ ግፊት ይነካዋል፣ መልሱ ወደ ኮምፒዩተሬ ይመጣል።

የሚመጣው መልስ ሙዚቃ አይደለም። የሚለካው በማይክሮቮልት፣ ማለትም በቮልት ሚሊዮንኛ፣ ስለሆነ በጫጫታ የተዋጠ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ደፍ ማበጀት ነው፦ ከመደበኛው ጫጫታ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ብቻ ምት ብለህ ትቀበላለህ፣ ሌላውን ትጥላለህ። ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ቲሹውን በኤሌክትሪክ ስትነካው ኤሌክትሮዶቹ ያንኑ የላክኸውን ግፊት መልሰው ይመዘግቡታል። ትልቅ፣ ጥርት ያለ፣ በሰዓቱ የሚመጣ ምት ይመስላል። የሴል መልስ ግን አይደለም፤ የራስህ ድምፅ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ግፊት በኋላ ያሉትን ጥቂት ሚሊሴኮንዶች ቆርጬ እጥላለሁ። ይህን ሳያደርግ "ሴሎቹ መለሱልኝ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ መጀመሪያ ስለዚህ ጠይቁት።

ከዚያ ክራሩ መጣ። የራሴን ክራር ስድስት ገመዶች አንድ በአንድ፣ በቀስታም በኃይልም እየመታሁ ቀዳሁ። ኤሌክትሮዶቹ ስምንት፣ ገመዶቹ ስድስት ናቸው። ይሄ ችግር አልሆነም፤ ከስምንቱ ሁልጊዜ ዝም የሚሉ አሉ። በደንብ የሚሰሙትን ስድስቱን መርጬ ለእያንዳንዳቸው አንድ ገመድ ሰጠሁ። አንድ ወዳጄ "አሥር ገመድ ያለው በገና አይሻልም?" ብሎኝ ነበር። በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ለሙከራ ላነሳው አልፈለግሁም፣ ዛሬም አልፈልግም።

የድምፁ ጉልበት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትልቅ ምት ሲመጣ ገመዱ በኃይል ይመታ ማለት ቀላል ነው። ግን የምቱ ቁመት የሚያሳየው በአብዛኛው ሴሉ ለኤሌክትሮዱ ምን ያህል እንደቀረበ ነው። ቅርብ ያለ ሴል ስለቀረበ ብቻ "ይጮኻል"። ስለዚህ ጉልበቱን ከምቱ ቁመት ጋር ሳይሆን ከምቶቹ ፍጥነት ጋር አያያዝኩት። ሴሎቹ ሲጣደፉ ክራሩም ይበረታል።

ክራሩን በትዝታ ቃኝቼ ሳሰማ፣ የሰማው ሁሉ ወደደው። ዓይኑ እንባ ያቀረረም ነበር። እኔ ግን ጥርጣሬ ገባኝ። ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፣ እርስ በርሳቸው የተስማሙ ናቸው። እንዳመጣልህ ብትመታቸው እንኳ ጆሮህ ዜማ ይፈልግበታል። ታዲያ የሚያስለቅሰው ሴሉ ነው ወይስ ቅኝቱ?

ይህን ለመለየት ሦስት ቅጂ አዘጋጀሁ። አንዱ የኦርጋኖይዱ እውነተኛ ምት ነው። ሁለተኛው ያንኑ የምት ብዛት ይዞ ጊዜው የተበወዘበት ነው። ሦስተኛው ኮምፒዩተር በዘፈቀደ የፈጠረው ነው። የቱ የቱ እንደሆነ ሳልናገር ለወዳጆቼ አሰማኋቸው። በትዝታ ሲሆን መለየት አልቻሉም፤ ሦስቱንም ወደዱ። ከዚያ ክራሩን አወጣሁና ሁሉንም ምት በአንድ ዓይነት የእንጨት ቋ! ድምፅ ብቻ አሰማሁ። ያኔ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። እውነተኛው ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል፣ አልፎ አልፎ ጣል ያደርጋል፣ ከዚያ ድንገት ስድስቱም ኤሌክትሮዶች ላይ ባንድ ላይ ይዥጎደጎዳል፣ መልሶ ዝም። የተበወዘው ግን እንዲሁ ሲንጣጣ ይኖራል።

የቲሹው ድርሻ እዚያ ጋ ነው፤ ጊዜው ላይ። ዜማው የእኔና የአባቶቻችን ቅኝት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሥራውን እንደገና ሠራሁት። ሁሉም ገመዶች መጀመሪያ በአንድ ድምፅ ይጀምራሉ። ሴሎቹ ባንድ ላይ በተዥጎደጎዱ ቁጥር ብቻ አንድ ገመድ ወደ ትዝታው ቦታው ይሄዳል። ሴሎቹ ዝም ካሉ ቅኝቱ አይሞላም። አድማጩ ይጠብቃል። አንዳንዴ በጣም ይጠብቃል፣ እኔም ዝምታውን አላሳጥርለትም።

ኦርጋኖይድን እንደ ኮምፒዩተር ለመጠቀም የሚሠሩትም ይህንኑ ጥያቄ መመለስ አለባቸው፦ የቲሹው ድርሻ የቱ ነው? እ.ኤ.አ. በ2023 ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የፌንግ ጉዎ ቡድን ብሬይኖዌር ባለው ሥራ፣ ስምንት ወንዶች የጃፓንኛ አናባቢ ሲያሰሙ የተቀዱ 240 ድምፆችን ለኦርጋኖይድ በኤሌክትሪክ መልክ ሰጠ፤ ተናጋሪውን መለየት በልምምድ እየተሻሻለ 78 በመቶ ድረስ ደረሰ። ግን የኦርጋኖይዱን ምላሽ አንብቦ "ይሄ እገሌ ነው" የሚለው ተራ ኮምፒዩተር ነው። ታዲያ ቲሹው ምን ሠራ? ተመራማሪዎቹ በሴሎቹ መካከል ያለው ግንኙነት እንዳይለወጥ የሚያግድ መድኃኒት ጨመሩ፤ መሻሻሉም ቆመ። ከጠቅላላው ሥራ እኔን ያሳመነኝ ቁጥሩ ሳይሆን ይቺ ማረጋገጫ ናት። የእኔ የተበወዘ ቅጂም የዚያው ዘመድ ነው።

ሌላ የተማርኩት፣ ሙዚቃን በኖታ ለኦርጋኖይድ መጻፍ እንደማይቻል ነው። ዕድሜው 100 ቀን አካባቢ ነው። ሲሞት በሌላ ይተካል፣ የተተካው ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው፤ አንዱ በየደቂቃው ሲጣደፍ ሌላው ሰዓት ሙሉ ያንቀላፋል። ስለዚህ የሚጻፈው ሕግ ነው፦ ይህ ሲሆን ያ ይሁን የሚል። ጥሬውን ዳታም ሳትነካው አስቀምጥ። ነገ ደፉን ልቀይር ብትል ሴሉ ራሱ የለም።

አንዲት እናት ሰምተው ሲያበቁ "ልጄ፣ ያመዋል እንዴ?" አሉኝ። የሕመም ስሜት የሚቀበል አካል እንደሌለው፣ 10,000 ሴል ከሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ሴል ጋር እንደማይተያይ ነገርኳቸው። ይህ የማምንበት መልስ ነው። ጥያቄያቸው ግን የዋህ አይደለም። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የቶማስ ሃርቱንግ ቡድን በ2023 ኦርጋኖይድን እንደ ኮምፒዩተር የመጠቀምን ዘርፍ ሲያስተዋውቅ የሥነ ምግባር ጥናቱ ከሳይንሱ እኩል አብሮ ይሂድ ብሏል። ቲሹው እየተለቀ በሄደ ቁጥር የእናታችን ጥያቄ እየከበደ ይሄዳል።

ቀጥለው "የማን ነው?" አሉኝ። ይሄኛው በጣም ገብቶኛል። በ1951 ከአሜሪካዊቷ የካንሰር ታማሚ ሄንሪታ ላክስ ገላ ያለ ፈቃዷ የተወሰደ ሴል እስከ ዛሬ በዓለም ላብራቶሪዎች እየተራባ ነው። በአርቱ ዓለም የተሻለ መንገድ አለ። አውስትራሊያዊው ጋይ ቤን-አሪ በ2015 ፐርዝ ላይ ሲንተሳይዘር ያስጫወተው ከራሱ ቆዳ ባሳደጋቸው ነርቮች ነው። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ አልቪን ሉሲየር ደግሞ በ2020 ለምን እንደሚውል እያወቀ ደሙን ሰጠ፣ በ2021 አረፈ። በ2025 በምዕራብ አውስትራሊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከደሙ የተገኙ ነርቮች 20 የነሐስ ሰሌዳዎችን አስመቱ። እሱ ተጠይቆ፣ ገብቶት፣ እሺ ብሏል።

እኔ በሠራሁበት ቲሹ ውስጥ ያለው የማን ሴል እንደሆነ ስሙን አላውቅም፤ በዚህ ዘርፍ የለጋሽ ስም ብዙ ጊዜ አይገለጽም። ስለዚህ ሥራው በሚሰማበት ሁሉ አንድ ወረቀት እለጥፋለሁ። ሴሎቹን የሰጠው ስሙን የማናውቀው ሰው ነው ይላል። ጊዜውን የወሰኑት ሴሎቹ ናቸው፣ ቅኝቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ ይላል። ከጎኑ የእንጨት ቋ! ድምፁ ያለበት የጆሮ ማዳመጫ ይንጠለጠላል፤ የፈለገ ሰው ክራር የሌለበትን እየሰማ ማወዳደር ይችላል። አሁን የቀረኝ ወረቀቱን በአማርኛና በፈረንሳይኛ ጎን ለጎን ማሳተም ነው።