አንድ ግድግዳ፣ ሁለት አቆጣጠር

ዛሬ እንዲሁ ሆድ ብሶኛል። ቤቱ ተኝቷል፤ የግድግዳው ሰዓት ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከእራት በኋላ የተባባልነውን ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት፤ ዓይኔ ግን ሰዓቱ ላይ ቀረ። አጭሩ ቆጣሪ 9 ላይ ነው። ለእኔ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ለባለቤቴ ግን 9።

ቀኑን ከንጋት የሚቆጥርና ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥር ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ልዩነታቸው ሁልጊዜ 6 ሰዓት ነው። 6 ደግሞ የሰዓቱ ፊት ግማሽ ስለሆነ፣ የሁለቱ ቁጥሮች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ 7 ከ1፣ 8 ከ2፣ 9 ከ3። ለልጅ ከመደመርና ከመቀነስ ይልቅ ይሄ ይገባዋል። ጣቱን አጭሩ ቆጣሪ ጫፍ ላይ ያሳርፋል፣ መሀሉን አቋርጦ ወደ ማዶ ይወስዳል፣ እዚያ ያለውን ቁጥር ያነባል። ልጆች የሚሳሳቱት ረጅሙንም ቆጣሪ ሲያሻግሩት ነው፤ ደቂቃው ለሁሉም አንድ ነው፣ አይነካም። ስልክ ላይ ማዶ የሚባል ነገር ስለሌለ 6 መቀነስ ግድ ነው፤ 15:00 ካለ ከቀኑ 9 ሰዓት።

ይህን የሚያውቁ ትልልቅ ሰዎችም «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ብለው ይለያያሉ። አንዱ ጠዋት ይመጣል፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ። በመሀሉ ያለው 6 ሰዓት በሙሉ «ንቆኝ ነው» በሚል ሐሳብ ይሞላል። ማንም አልዘገየም እኮ! ከሁሉ የሚያመኝ ግን ልጅ ፊት «ትክክለኛው ሰዓት ስንት ነው?» ሲባል መስማት ነው። ያን ጊዜ የአንዱ ወላጅ ሰዓት ስህተት ሆነ ማለት ነው። «በእማዬ 3፣ በአባዬ 9» ማለት ምን ይከብዳል?

ሌሊቱ ደግሞ የባሰ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት «ሐሙስ 02:00» ካለ፣ በእኛ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከቤት የሚወጣው ረቡዕ ማታ ነው። «ሐሙስ ሌሊት» ብሎ የያዘ ሰው ሐሙስን ሙሉ ሻንጣ ሲያሰናዳ ውሎ አንድ ቀን አልፎት ይደርሳል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የበረራውን ሰዓት ሳይሆን «ረቡዕ ማታ መውጫ» የሚለውን ይያዝ። «አጥቢያ» የምትለዋ ቃላችን እንዴት ያለች ብልህ ናት! ሌሊቱን ለሚነጋው ቀን አስረክባ ጭቅጭቁን ታበርዳለች።

የዘመኑም ነገር እንዲሁ ነው። ለፎርም ሲባል የልደት ዓመት ላይ በደፈናው 8 የሚደምር ብዙ ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ ለተወለደ ግን የሚደመረው 7 ነው። ቀኑም ቢሆን ባለበት አይረጋም። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ከዘመነ ሉቃስ ማግስት ግን 12 ይሆናል፤ 2016 የገባው እንደዚያ ነው። በዚያው ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 ዋለ። ታኅሣሥ 29 የተወለደ ልጅ ልደቱ በአባቱ ካሌንደር ጃንዋሪ 7 ተብሎ ከተመዘገበ፣ ሉቃስን በሚከተለው በዘመነ ዮሐንስ፣ እንደ 2016 ባለው ዓመት፣ ሁለቱ ቀኖች ይለያያሉ። ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጽፎ ማስቀመጥ ነው፤ አንዱን መሰረዝ አያስፈልግም።

አሁን ያልተፈታልኝ አንድ ነገር አለ። ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የተወለደች ልጅ አለች። እናቷ ስታምጥ ያደረችው በረቡዕ ሌሊት ነው፤ ገና አልነጋም ነበር። የአባቷ ሰዓት ግን ሐሙስ ከገባ ሁለት ሰዓት አልፎታል ይላል። አድጋ «የተወለድኩት በየትኛው ቀን ነው?» ብላ ስትጠይቅ ማን ይመልስላት?